ሕፃናት ላሏቸው ወላጆች የንባብ ሰዓት አመራረጥ፦ ንጋት፣ ምሽት፣ መንገድ ወይስ ፈረቃ?

ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ማንበብ ሲያቆም ጥፋቱን በመጽሐፉ ወይም በራሱ ስንፍና ያመካኛል። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ መጽሐፍ ይገዛል፣ ከዚያ ሰዓት ይፈለጋል። ሕፃን ባለበት ቤት ይህ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ልጁ የማይወስደው ሰዓት ይለያል፣ ቀጥሎ ለዚያ ሰዓት የሚስማማው መንገድ ይመረጣል (ወረቀት፣ ስልክ ወይም ድምፅ)፣ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አማራጮቹን የምናነጻጽረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። አብዛኛው ምሳሌ ከአዲስ አበባ ኑሮ የተወሰደ ነው፤ ውጭ አገር የሚለየውን እግረ መንገዳችንን እንጠቅሳለን።

ከመምረጥ በፊት፦ ዓይን፣ እጅ ወይስ ጆሮ?

ለሦስት ቀን አንድ ወረቀት ፍሪጅ ላይ ለጥፉ፤ ሁለቱ የሥራ ቀን፣ አንዱ የዕረፍት ቀን ይሁን። ቢያንስ 10 ደቂቃ የሚቆይ ክፍተት ባገኛችሁ ቁጥር ሰዓቱን ጻፉና ከጎኑ በዚያ ሰዓት ነጻ የነበረውን አካል ምልክት አድርጉ። ዕቃ ስታጥቡ፣ እንጀራ ስትጋግሩ፣ ልብስ ስታጥፉ ነጻው ጆሮ ብቻ ነው። ልጅ ስታጠቡ ወይም የተኛ ሕፃን ደረታችሁ ላይ ሲሆን ዓይናችሁና አንድ እጃችሁ ነጻ ናቸው። ልጆቹ ከተኙ በኋላና ቢሮ በምሳ ሰዓት ሁሉም ነጻ ነው።

ይህ ልዩነት ከሰዓቱ ርዝመት ይበልጣል። የጆሮ ሰዓት ላይ የወረቀት መጽሐፍ ያቀደ ሰው በቀን አንድ ሰዓት ክፍተት ኖሮትም አንድ ገጽ አያነብም። ወረቀቱ ሲሞላ አብዛኛው ወላጅ የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ የጆሮ ሰዓት ብዙ፣ የአንድ እጅ ሰዓት መጠነኛ፣ ሁሉም ነጻ የሆነበት ሰዓት በጣም ጥቂት። ያችን ጥቂት ሰዓት ለምን እንደምታውሏት መወሰን ዋናው ምርጫ ነው።

ንጋት ወይስ ምሽት

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ይህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

የንጋት ንባብ ትልቁ ጥቅም ጭንቅላቱ ነው። ቀኑ ገና ምንም አልወሰደባችሁም፤ ከባድ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ የሙያ መጽሐፍ የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። የልጆቹ የትምህርት ቤት ሰርቪስ 1 ሰዓት ላይ የሚመጣ ከሆነ ምሳ ዕቃ ማሰናዳትና ልጅ መቀስቀስ የሚጀምረው 12 ሰዓት ላይ ነው። ከ11 እስከ 11:30 ያለው ክፍተት ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ለፈጅር ሶላት ወይም ለኪዳን የሚነሳ ሰው ደግሞ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ከጸሎቱ መልስ ወደ አልጋ ከመመለስ 25 ደቂቃ ወንበር ላይ መቀመጥ ይቀለዋል።

ዋጋው እንቅልፍ ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ለመነሳት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መተኛት ያስፈልጋል ማለት ነው። በ5 ሰዓት ተኝቶ በ11 የሚነሳ ሰው ለሳምንት ያህል ይሳካለታል፣ ከዚያ ይወድቃል። የንጋት ዕቅድ የሚፈርሰው ንጋት ላይ ሳይሆን ማታ ቴሌቪዥን ፊት ነው።

ሁለተኛው ችግር የልጆቹ መንቃት ነው፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ሲሆን ወደ ንጋት እንቅልፉ ይሳሳል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሳህን ቢወድቅ የማይነቃ ልጅ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በማንኪያ ድምፅ ይነሳል። ስለዚህ ንጋትን የመረጠ ወላጅ ማታውኑ ያሰናዳል፦ ሻይ በፔርሙዝ፣ ጋቢ ወንበር ላይ፣ መጽሐፍና መብራት ጠረጴዛ ላይ። የሚንጫጫውን የበር ማጠፊያ ዘይት ቀቡት። የመኝታ ቤቱ መብራት አይበራም፣ ስልኩ በድምፅ ሳይሆን ትራስ ሥር በንዝረት ይቀሰቅሳል፣ ማንቆርቆሪያም ምድጃ ላይ አይጣድም። ይህ ሁሉ ትንሽ ቢመስልም ንጋቱ የሚተርፈውም የሚበላሸውም በዚህ ነው።

ንጋት ለማን አይሆንም? ሕፃኑ ከእናቱ ጎን ለሚተኛበትና ጡት ለሚጠባበት ቤት፣ ቢያንስ ለእናትየዋ አይሆንም። ሙቀቷና ሽታዋ ሲለየው ሕፃኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነቃ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ንጋቱን አባት ቢወስደውና እናት ሌላ ሰዓት ቢሰጣት ለሁለቱም ይሻላል።

ምሽት ተፈጥሯዊ የሚመስለው ምርጫ ነው፤ ልጆቹ ይተኛሉ፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይተኛል፤ ማታ 2:30 ላይ የተኛ ልጅ ንጋት 12:30 ላይ ቢነሳ ድርሻውን አግኝቷል ማለት ነው። ለወላጁም ከ2:30 እስከ 4 ሰዓት ክፍት ይመስላል። ነገር ግን ያ ሰዓት ባዶ አይደለም፤ ያልታጠበ ዕቃ፣ የነገው ዩኒፎርም፣ ቀኑን ሙሉ ያልተገናኙ ባልና ሚስት ጨዋታ ሁሉም ተራውን የሚጠብቀው እዚያ ነው። ይህን ሰዓት ሙሉ በሙሉ ለመጽሐፍ መስጠት ትዳሩን ያስከፍላል፤ ስለዚህ 15 ወይም 20 ደቂቃ ብቻ ጠይቁት።

በምሽት ንባብ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው ልጅ ሲያስተኙ አብሮ መተኛት ነው፤ ልጁ ጎን ጋደም ብሎ ማስተኛት ለወላጁም የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ማስተኛት ይህን ይቀንሳል። ሁለተኛው አልጋ ውስጥ ማንበብ ነው፤ ሦስት ገጽ ሳይሞላ መጽሐፉ ደረት ላይ ይወድቃል፣ በማግስቱም ያው ሦስት ገጽ ይደገማል። ወንበር ላይ አንብቡ፣ ሲያንቀላፋችሁ ተነሡና ተኙ። ሦስተኛው ከባድ መጽሐፍ መምረጥ ነው። ለምሽት አጫጭር ልቦለድ፣ ግጥም፣ ወግ፣ ምዕራፉ ከ10 ገጽ የማይበልጥ ግለ ታሪክ ይሻላል። ስልክ ደግሞ ለምሽት መጥፎ ጓደኛ ነው፤ ለመጽሐፍ የተከፈተው ስልክ ከደቂቃዎች በኋላ ቴሌግራም ላይ ይገኛል።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ትንሹ ልጅ ሌሊቱን ሳያቋርጥ የሚተኛ ከሆነና ማታ 4 ሰዓት ላይ ለመተኛት ፈቃደኛ ከሆናችሁ ንጋትን ምረጡ። ከሁለቱ አንዱ ካልተሟላ ምሽቱን በ15 ደቂቃ ያዙ፣ የቀረውን ከሌላ ቦታ ፈልጉ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሚሞክር ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱንም ያጣል።

መንገድ እና ምሳ

በሚኒባስ ውስጥ የወረቀት መጽሐፍ ማንበብ ብዙ ሰው ያቅለሸልሸዋል። ዓይን የማይንቀሳቀስ ገጽ ያያል፣ የውስጥ ጆሮ ግን መንቀጥቀጡንና መታጠፉን ይሰማል፤ ሁለቱ ሲጋጩ ማቅለሽለሽ ይመጣል። በቀላል ባቡርና በትልቅ አውቶቡስ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፣ ግን ከተጨናነቀ ቆማችሁ በአንድ እጅ መያዣ መጨበጥ አለባችሁ። ለመንገድ ትክክለኛው ምርጫ ድምፅ ነው። ስልኩ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ማዳመጫው በአንድ ጆሮ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ጆሮ ለረዳቱ ጥሪና ለመኪና ጥሩምባ ይቅር። በመስኮት በኩል ስልክ ይዞ ማንበብ ለነጣቂ መጋበዝ ነው።

ወረቀት የሚያዋጣው ሰልፍ ላይ ነው። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አመሻሹ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሩብ ሰዓት ይቆማል፤ ሲመሽ ብርሃን ስለሚያንስ ግን ይህ ለጠዋቱ ሰልፍ ይበልጥ ይሠራል። ቀጭንና ለስላሳ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ያዙ፤ ወፍራም መጽሐፍ ከምሳ ዕቃና ከልጅ ዳይፐር ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቤት ይቀራል።

የምሳ ሰዓት ሁሉም ነገር ነጻ የሆነበት ነው፣ ያውም ልጅ አጠገባችሁ የለም። ሆኖም አብሮ መብላት የሥራ ቦታ ማኅበራዊ ኑሮ ነው፤ አምስቱንም ቀን የሚገለል ሰው ቅሬታ ያተርፋል፣ ራሱም ይሰለቻል። ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን፣ ከምግብ በኋላ 20 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቢሆን ባልደረቦች በሁለት ሳምንት ይለምዱታል። በጠረጴዛችሁ ላይ አትቀመጡ፤ እዚያ የተገኘ ሰው ሥራ ይሰጠዋል።

ፈረቃ፦ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ከሁሉም የሚከብደው

እስካሁን ያየናቸው ሰዓቶች ከልጁ የተሰረቁ ናቸው። ፈረቃ ግን ሰው የሚጠብቀው ሰዓት ነው፤ አንዱ ወላጅ ልጆቹን ይይዛል፣ ሌላው ይወጣል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 እናት፣ እሑድ ከሰዓት ከ9 እስከ 11 አባት ብላችሁ ወስኑ። ከመንገድና ከመቀመጥ በኋላ ከሁለቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ንባብ ይተርፋል፣ ሳይቋረጥ። ረጅም ልቦለድ ውስጥ መግባት የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

መውጣት የሚለው ቃል ቁም ነገር ነው። መኝታ ቤት ገብቶ በር መዝጋት አይሠራም። ልጁ እናቱ ቤት እንዳለች ካወቀ በሩን ይደበድባል፣ አባትም «ሸሚዙ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እንግዳም ከመጣ ይጠራታል። ከቤት ከወጣችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ? አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ነው፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ፤ በየክፍለ ከተማው የወጣት ማዕከላት ውስጥ አነስተኛ የንባብ ክፍሎች ይገኛሉ። በእግር 10 ደቂቃ የሚወስድ ጸጥ ያለ ካፌ ግን 40 ደቂቃ ታክሲ ከሚጠይቅ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ይሻላል። ስትወጡ የገበያ ዝርዝር አትያዙ። «መመለሻሽ ላይ ሽንኩርት ያዢ» የተባለች ሴት የንባብ ሰዓቷ ተወስዷል፤ ሃሳቧ ሽንኩርት ላይ ነው።

በብዙ ቤት ፈረቃው በወረቀት እኩል ሆኖ በተግባር ያዘነብላል። የአባት ሰዓት ሳይነካ ይቀጥላል፣ የእናት ሰዓት ግን በልቅሶ፣ በክርስትና፣ በዕድር ሥራ፣ በማኅበር ይበላል። ሕጉ ራሱ ሸክሙ የት እንዳለ ያሳያል፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ስታገኝ አባት የሚያገኘው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ሲወጣ የእናት ሰዓት በቅድሚያ ይጻፍ። በልቅሶ ምክንያት ከቀረ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር እንጂ አይሰረዝ፣ የአባትም የሚቀጥለው ፈረቃ የእርሷ ሳይተካ አይጀምር። ይህን ደንብ ያልያዘ ቤት ውስጥ ከሁለት ወር በኋላ የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ፈረቃውን ከጎረቤት ጋር ያደርገዋል፣ ልክ እንደ ዕቁብ በተራ። ዕድሜያቸው የተቀራረበ ልጆች ያሏቸው ሁለት ቤተሰቦች ቢጣመሩ አንድ ሳምንት እርስዎ የሁለቱንም ቤት ልጆች ለሁለት ሰዓት ይይዛሉ፣ በቀጣዩ ሳምንት ጎረቤትዎ። ከሦስት ቤተሰብ በላይ አይሁን፤ ልጆቹ ሲበዙ ያዡ ወላጅ ይማረራልና በሦስተኛው ዙር ይቋረጣል። አያት ካለች ደግሞ «አልፎ አልፎ ያዢልኝ» ከማለት ቀንና ሰዓት ቆርጦ መጠየቅ ለእርሷም ይቀላታል።

ወረቀት፣ ስልክ፣ የንባብ መሣሪያ ወይስ ትረካ

ወረቀት አሁንም ለአማርኛ አንባቢ የመጀመሪያው ነው፤ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ማስታወቂያ አይመጣበትም፣ ልጁም ወላጁ የሚያነበው መጽሐፍ መሆኑን ያያል። ስልክ ይዞ የሚያነብ ወላጅ በልጁ ዓይን ስልክ ይዞ እንደሚጫወት ሰው ነው። ችግሩ ሁለት እጅና ብርሃን መፈለጉ ነው። ለብርሃን፣ ገጹ ላይ የሚቆነጠጥና የሚሞላ ትንሽ መብራት ይበቃል፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ (2700 ኬልቪን አካባቢ) ይሁን፣ ነጭ ሰማያዊው ጎን የተኛውን ይረብሻል። የሁለት ዓመት ልጅ ገጽ እንዳይቀድ መጽሐፉን ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ ግን እናንተም እንዳትረሱት ከዓይናችሁ አይጥፋ። መጽሐፍ በኪራይ ወይም አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ማግኘት ወጪውን ይቀንሳል፤ ኪራይ በተለይ የመመለሻ ቀን ስላለው ይገፋችኋል። ሌሊት ለሚነቃ ሕፃን ወላጅ ግን ያ ቀን ጭንቀት ስለሚሆን መግዛት ይሻለዋል።

ስልክ ሁልጊዜ እጅ ላይ ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል፣ በጨለማ ይሠራል። ለማጥባት ሰዓት ከወረቀት ይሻላል። የንባብ መተግበሪያውን በስልኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ብቻውን አስቀምጡ፣ በንባብ ሰዓት የስልኩን መረጃ ግንኙነት አጥፉ። አማርኛ ስካን ተደርጎ የተሠራ ፒዲኤፍ ፎቶ ስለሆነ ፊደሉን ማጉላት እንጂ መስመሩን እንደገና ማስተካከል አይቻልም፤ በየመስመሩ ግራና ቀኝ መግፋት ያደክማል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፣ ያለ ደራሲው ፈቃድም የተሰራጩ። በኢፐብ (መስመሩ ከስክሪኑ ስፋት ጋር በሚስተካከል የፋይል ዓይነት) የተዘጋጀ መጽሐፍ ስታገኙ እርሱን ምረጡ።

የኤሌክትሮኒክ ቀለም ስክሪን ያላቸው እንደ ኪንድል ያሉ የንባብ መሣሪያዎች ከ160 እስከ 210 ግራም ይመዝናሉ፣ ባትሪያቸው ለሳምንታት ይቆያል፣ ማሳወቂያም አይመጣባቸውም። በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ወላጅ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ለአማርኛ ግን ተጠንቀቁ፤ በመደብሩ ያለው ምርጫ ጠባብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ራሳችሁ ማስገባት አለባችሁ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፣ መሣሪያው ውስጥ በፎንት ማህደር መጫን ያስፈልጋል። የኤ5 መጠን ያለው ፒዲኤፍ 14.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ 6 ኢንች ስክሪን ደግሞ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ፊደሉ ወደ 60 በመቶ ይቀንሳል። የገጹን ነጭ ጠርዝ ቆርጣችሁ ስክሪኑን ካገደማችሁት ወደ መጀመሪያው መጠኑ ይጠጋል። ለአማርኛ ብቻ ብላችሁ መግዛት አንመክርም።

ትረካ ለአማርኛ አድማጭ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው ገጹን ሳይገልጥ ያወቀው መጽሐፍ ነው። ዛሬ እንደ ተራኪ ያሉ የአማርኛ የድምፅ መጻሕፍት መተግበሪያዎች አሉ። አሥር ሰዓት የሚወስድ ትረካ በቀን 40 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ከተደመጠ በሦስት ሳምንት ያልቃል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት ጥራት የአንድ ሰዓት ድምፅ 29 ሜጋ ባይት ያህል ነው፣ ሙሉ መጽሐፉ ወደ 290፤ ዋይፋይ ባለበት አስቀድማችሁ አውርዱት። እንጀራ ስትጋግሩ ምጣዱ ላይ ያለው አንዱ እስኪበስል ያለው ደቂቃ ለገጽ አይበቃም፣ ለትረካ ግን አይቋረጥም። ልብ ወለድና የሕይወት ታሪክ በጆሮ ይገባል፤ ቁጥርና ክርክር የበዛበት መጽሐፍ አይገባም፣ ወደ ኋላ መመለስ ያታክታል። ልጆቹ ነቅተው ባሉበት ሰዓት በሁለቱም ጆሮ አታድምጡ፤ የትንሽ ልጅ ዝምታ ራሱ መሰማት ያለበት ነገር ነው።

በልጁ ዕድሜ ስትመዝኑት

አራስ ቤት ላለች እናት ምርጫው ይጠባል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ በዚያ ላይ ጠያቂው ብዙ ነው። የቀን ማጥባት ላይ ስልክ ወይም የንባብ መሣሪያ፣ የሌሊቱ ላይ ትረካ በአንድ ጆሮ፣ በ20 ደቂቃ የሚጠፋ ሰዓት ቆጣሪ ተሞልቶበት። ስልኩን ከሕፃኑ ፊት በላይ አትያዙ፣ ይወድቃል። ሶፋ ላይ ሌሊት እያጠቡ ማንበብ ደግሞ ፈጽሞ መተው ያለበት ነው፦ ወላጅ ሶፋ ላይ ሕፃን ይዞ ቢያንቀላፋ ሕፃኑ በትራሶቹ መካከል ሊታፈን ይችላል። እንቅልፍ ከመጣ ንባቡ ይቁም።

ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው በጣም አስቸጋሪው ነው። ልጁ ይድሃል፣ ይወጣል፣ ሁሉን ይነካል። የሁለት ዓመት ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት ይተኛል፣ የቀን እንቅልፉም በዚያ ውስጥ ነው። የቀን እንቅልፉን የመጀመሪያ 20 ደቂቃ ለንባብ፣ የቀረውን ለቤት ሥራ ስጡ። ከተገላበጠ ሥራው ያልቃል ብላችሁ ስትጠብቁ ልጁ ይነቃል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ማንበብ ይጀመራል። ከሦስት ደቂቃ ጀምሩ፤ ልጁ የራሱ መጻሕፍት ያሉበት ቅርጫት ይኑረው፣ ሰውነቱ እናንተን የሚነካበት ቦታ ይቀመጥ፣ ሰዓት ቆጣሪው ሲጮኽ ቃላችሁን ጠብቁና ወደ እርሱ ዙሩ። በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ቃላችሁን አንዴ ካፈረሳችሁ ልጁ ቆጣሪውን አያምንም። ስቶሪ ዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባሉት ድረ ገጾች በክሪኤቲቭ ኮመንስ (ማባዛትን በሚፈቅድ) ፈቃድ የተለቀቁ ነጻ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት አሏቸው፤ አትማችሁ በስቴፕለር አያይዙት፣ ቢቀደድም አያሳዝንም። ለልጅ ማንበብ ግን ከእናንተ ንባብ ጋር አይቆጠር። ውድ ነገር ነው፣ በየቀኑ ይደረግ፣ ነገር ግን «ዛሬ አንብቤያለሁ» ብሎ የራስን መጽሐፍ መተው ከዚህ ይጀምራል። ፊደል የለየ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ከራት በፊት ግማሽ ሰዓት ሁሉም የሚያነብበት ሰዓት ማድረግ ይችላል፣ ከሁሉም ይልቅ የሚቆየው ይህ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ወላጆች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያገኛሉ። በሲያትልና በዋሽንግተን ዲሲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በአሜሪካ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት ሊቢ የተባለው መተግበሪያም የእንግሊዝኛ መጻሕፍትንና ትረካዎችን በነጻ ያበድራል። የሚጎድላቸው አያትና ጎረቤት ነው፣ ስለዚህ ለእነርሱ በቤተሰቦች መካከል የሚደረገው ፈረቃ ከቤት ውስጡ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስንት ገጽ ይወጣል? መቼስ ይቀየር?

አንድ ገጽ በሁለት ደቂቃ የሚያነብ ሰው እንዲህ ያስላ። ንጋት 25 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን 62 ገጽ ያህል ይወጣል፣ 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ በአምስት ሳምንት ያልቃል። ምሽት 15 ደቂቃ አራት ቀን፣ ወይም ምሳ 20 ደቂቃ ሦስት ቀን 30 ገጽ ነው፤ መጽሐፉ አሥር ሳምንት ይወስዳል። የአንድ ሰዓት ተኩል ፈረቃ በሳምንት አንዴ 45 ገጽ ይሰጣል፣ ሰባት ሳምንት ማለት ነው። አሥር ሳምንት ለሚወስድ ንባብ ገጸ ባሕርይ የበዛበት ልቦለድ አትምረጡ፤ ከመረጣችሁም የስሞቹን ዝርዝር በመጽሐፍ ምልክታችሁ ላይ ጻፉ፣ ስታቆሙም የት እንደደረሰ አንድ መስመር ጨምሩበት። በነጋታው ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ከመመለስ ያድናችኋል።

ለመረጣችሁት ሰዓት ሁለት ሳምንት ስጡት። ካቀዳችሁት ቀን ከግማሽ በታች ከተሳካ መጽሐፉን ሳይሆን ሰዓቱን ቀይሩ። ሰዓቱ እየተጠበቀ ገጹ ካልገፋ ግን ችግሩ መጽሐፉ ነው፤ ያለ ጸጸት ወደ ሼልፉ መልሱት። ልጅ ጥርስ ሲያወጣ፣ ሲታመም ወይም አዲስ ሞግዚት ስትገባ የነበረው ሰዓት ይፈርሳል። ያን ሰሞን በትረካ ብቻ ቆዩ፣ ያለፋችሁን ለማካካስ አትሞክሩ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ሁኔታው ይገለበጣል፦ ሰርቪስ ስለሌለ ልጆቹ ያረፍዳሉና ንጋቱ እስከ አንድ ሰዓት ይረዝማል፣ የቀኑ ክፍተት ግን ሁሉ ይጠፋል። በክረምት መብራት መጥፋቱ ስለማይቀር የሚሞላውን መብራት በየሁለት ቀኑ ማታ ቻርጅ አድርጉት፣ ቀጣዩንም ትረካ አስቀድማችሁ አውርዱ።